የሄርፒስ እንክብል አወሳሰድ፦ ሰዓቱን ሳያሳልፉ፣ ኩላሊትዎን ሳይጎዱ

ሄርፒስን፣ ማለትም በአብዛኛው ከንፈርና ብልት ላይ ቁስል የሚያወጣውን የቫይረስ በሽታ፣ ለማከም በአፍ የሚወሰዱት ዋና ዋና መድኃኒቶች ሦስት ናቸው፦ አሲክሎቪር፣ ቫላሲክሎቪር እና ፋምሲክሎቪር። ለአሥርተ ዓመታት በሥራ ላይ በመቆየታቸው ጠባያቸው በሚገባ የታወቀ ነው፤ በአግባቡ ከተወሰዱም የሚያደርሱት ጉዳት ትንሽ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ታካሚ ከእነርሱ ማግኘት የሚገባውን ጥቅም አያገኝም። ቁስሉ ፈንድቶ ቅርፊት ካበጀ በኋላ የተጀመረ እንክብል የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነው። የኩላሊቱን ሁኔታ ሳይናገር መድኃኒት የተቀበለ ሰው ደግሞ፣ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእርሱ ሊበዛበት ይችላል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ሁለት ጥያቄዎች ነው፦ መቼ ጀመሩ? ኩላሊትዎስ እንዴት ነው?

ከታች የሚጠቀሱት መጠኖች ኩላሊታቸው ጤናማ ለሆነ አዋቂዎች የሚታዘዙ የተለመዱ መጠኖች ናቸው። ማዘዣዎን እንዲረዱበትና ጥያቄ እንዲጠይቁበት ያገለግላሉ። የሐኪምን ምርመራ አይተኩም።

መጀመሪያ፦ እንክብሉ የሚችለውንና የማይችለውን ይለዩ

ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ሁለት ዓይነት ነው። ዓይነት 1 በአብዛኛው ከንፈር ላይ የሚወጣውንና ብዙዎቻችን ምች የምንለውን ቁስል ያመጣል፤ ብልት ላይም ሊወጣ ይችላል። ዓይነት 2 በአብዛኛው የብልት ሄርፒስ መንስኤ ነው። የእነዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቫሪሴላ ዞስተር የተባለው ቫይረስ ደግሞ አልማዝ ባለጭራን ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች 64 በመቶ ያህሉ ዓይነት 1፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ደግሞ 13 በመቶ ያህሉ ዓይነት 2 አለባቸው። ይህን ቁጥር የማነሳው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ኀፍረት ይዞት ሕክምናውን ያዘገያል፤ ይህ በሽታ ግን የአንድን ሰው ጠባይ የሚመሰክር ነገር አይደለም፣ ሊያሳፍርም አይገባም።

አሲክሎቪር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተገኘ ሲሆን፣ ከሥራው ጋር ስማቸው የሚነሳው ጌርትሩድ ኤልየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርተዋል። የመድኃኒቱ ብልሃት እንዲህ ነው፦ ወደ ሰውነት ሲገባ ገና ሥራ አይጀምርም። ሥራ የሚጀምረው ቫይረሱ ራሱ በሚያመርተው ኢንዛይም አማካይነት ሲቀየር ነው። ስለዚህ በዋናነት የሚሠራው ቫይረሱ በሚባዛባቸው ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ጤነኛ ሕዋሳትን ብዙም አይነካም። ከተቀየረ በኋላ ቫይረሱ በሚገነባው የዘር ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ሰንሰለቱ እንዳይቀጥል ያቋርጠዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ መድኃኒቱ የሚያስቆመው መባዛትን ነው፤ የተባዛውንና ጉዳት ያደረሰውን መመለስ አይችልም። ሁለተኛ፣ ቫይረሱ ሳይባዛ በነርቭ ሥሮች ውስጥ ተደብቆ ሲተኛ መድኃኒቱ አያገኘውም። የትኛውም እንክብል ሄርፒስን ከሰውነት ነቅሎ አያወጣም። ነቅሎ ያወጣል የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አይመኑት።

ቫላሲክሎቪር ከተዋጠ በኋላ ሰውነት ውስጥ ወደ አሲክሎቪር ይቀየራል። ጥቅሙ ከአንጀት በደንብ መመጠጡ ነው። ከተዋጠው አሲክሎቪር ወደ ደም የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ብቻ ሲሆን፣ በቫላሲክሎቪር በኩል ከግማሽ በላይ ይደርሳል። በቀን የሚዋጠው ቁጥር የሚያንሰው ለዚህ ነው። ፋምሲክሎቪር ወደ ፔንሲክሎቪር ይቀየራል፤ በጥቅሉ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከሌላው በእጅጉ ይበልጣል ለማለት አያስደፍርም። የሚመችዎንና የሚያገኙትን መምረጥ ይቻላል። አሲክሎቪርንና ቫላሲክሎቪርን አንድ ላይ መውሰድ ግን ያው አንዱን መድኃኒት ደርቦ መውሰድ ነው፤ ከሁለት ሐኪም ሁለት ማዘዣ ከተቀበሉ ይህን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ።

ደረጃ 1፦ በሽታው ሄርፒስ መሆኑን ያረጋግጡ

ብልት ላይ የወጣ ቁስል ሁሉ ሄርፒስ አይደለም። ቂጥኝና ከርክርም ቁስል ያወጣሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። በዓይነ ኅሊና ግምት አሲክሎቪር ገዝቶ የቆየ ሰው ቂጥኙ ሳይታከም ሊያልፍበት ይችላል። አስተማማኙ ምርመራ ገና ከፈነዳ ወይም ውሃ ከቋጠረ ትኩስ ቁስል ላይ ናሙና ተወስዶ የቫይረሱ ዘር የሚፈለግበት ነው። ቁስሉ እየደረቀ ሲሄድ ቫይረሱን የማግኘት ዕድል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለምርመራም ቢሆን ቶሎ መሄድ ይጠቅማል። ከዚሁ ጋር የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ላስታውስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ሐኪሙ ሄርፒስ መሆኑን ከጠረጠረ ውጤቱ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ናሙናው ይወሰዳል፣ መድኃኒቱም በዚያው ቀን ይጀመራል።

ደረጃ 2፦ በእንክብል ብቻ የማይታለፉትን ምልክቶች ይወቁ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ቤት ተቀምጦ እንክብል መዋጥ አደገኛ ነው። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

- ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም ዕይታ ከደበዘዘ። የዓይን ሄርፒስ ጠባሳ ትቶ ዕይታን ሊቀንስ ይችላል። በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ የወጣ አልማዝ ባለጭራም ዓይንን ስለሚያሰጋ የዓይን ሐኪም በአስቸኳይ ሊያየው ይገባል።
- ትኩሳት ከከባድ ራስ ምታት፣ ከአንገት መገተር፣ ከመቀባዠር፣ ከጠባይ ለውጥ ወይም ከሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ። በአንጎል ውስጥ የገባ ሄርፒስ የሚታከመው በደም ሥር በሚሰጥ አሲክሎቪር ነው፤ የሰዓታት መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።
- ሽንት መሽናት ካቃተ።
- ዕድሜው በሳምንታት የሚቆጠር ሕፃን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካወጣ፣ ካተኮሰው፣ ከፈዘዘ ወይም መጥባት እምቢ ካለ።
- የበሽታ መከላከል አቅሙ በጣም በተዳከመ ሰው ላይ ወይም ችፌ ባለበት ቆዳ ላይ ሽፍታው በፍጥነት ከተስፋፋ።

ደረጃ 3፦ ከማዘዣው በፊት እነዚህን ይናገሩ

የመጀመሪያው ኩላሊት ነው፤ ከሁሉም በላይ የማተኩረው በዚህ ላይ ነው። አሲክሎቪር ከሰውነት የሚወጣው በዋናነት በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊቱ ጤናማ በሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ ግማሽ የሚወርደው በ3 ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። ኩላሊቱ ሥራ ባቆመ ሰው ግን ይህ እስከ 20 ሰዓት ገደማ ሊረዝም ይችላል። ያ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ቢውጥ የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው እየተደራረበ ይሄዳል። ለዚህ ነው የኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑ የሚቀነሰው፣ በመጠኖቹ መካከል ያለው ሰዓትም የሚራዘመው። የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ታካሚ ደግሞ ከእጥበቱ በኋላ እንዲወስድ ሊታዘዝ ይችላል።

አረጋውያን በተለይ ይጠንቀቁ። የኩላሊት አቅም ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። የሰውነት ጡንቻ በሳሳ ሰው ላይ በደም ምርመራ የሚታየው የክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ቁጥር ጤናማ ቢመስልም ኩላሊቱ ግን የሚያጣራው ከወጣትነቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ክሪያቲኒንን ከዕድሜና ከክብደት ጋር አስልቶ መጠን እንዲወስን ይጠይቁ። አልማዝ ባለጭራ የሚበዛው በዚሁ ዕድሜ ነው፤ የሚታዘዝለት መጠንም ከፍተኛ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጥንቃቄ የግድ ይሆናል።

ሁለተኛው የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች በራሳቸው ኩላሊትን ስለሚጫኑ ከሄርፒስ መድኃኒት ጋር መደራረባቸው ጥሩ አይደለም። ሕመሙ ካስቸገረ ፓራሲታሞል በልኩ መውሰድ ይሻላል። ፕሮቤኔሲድ የተባለው የሪህ መድኃኒት የአሲክሎቪርን ከሰውነት መውጣት ያዘገያል። ማይኮፌኖሌት የሚወስዱ የአካል ንቅለ ተከላ ታካሚዎችና ቲዮፊሊን የሚወስዱ የአስም ታካሚዎችም መናገር አለባቸው። ሕያው የጉድፍ ክትባት ሊከተቡ ከሆነ የሄርፒስ መድኃኒት ክትባቱን ሥራ ሊያሳጣው ስለሚችል ለከታቢው ያስታውቁ።

እርግዝናን፣ ኤችአይቪን፣ የካንሰር ሕክምናን፣ ቀድሞ ለእነዚህ መድኃኒቶች አለርጂ መኖሩንም አይደብቁ።

ደረጃ 4፦ የታዘዘልዎትን መጠን ከሕመሙ ዓይነት ጋር ያመሳክሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፤ አንድ መድኃኒት እንደ ሕመሙ በጣም በተለያየ መጠን ይታዘዛልና።

ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ የብልት ሄርፒስ ከ7 እስከ 10 ቀን ይታከማል፦ አሲክሎቪር 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ወይም ቫላሲክሎቪር 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወይም ፋምሲክሎቪር 250 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ። በ10 ቀን ካልዳነ ሊራዘም ይችላል።

ተመልሶ የመጣ የብልት ሄርፒስ ሕክምናው አጭር ነው፦ አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ወይም በቀን ሦስት ጊዜ ለ2 ቀን፤ ቫላሲክሎቪር 500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ3 ቀን፤ ፋምሲክሎቪር 1 ግራም ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ቀን ብቻ።

ተመልሶ ለሚመጣ የከንፈር ቁስል ቫላሲክሎቪር 2 ግራም፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 2 ግራም ተወስዶ ያበቃል። ፋምሲክሎቪር ከሆነ 1500 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አራት የ500 ሚሊግራም እንክብል በአንድ ጊዜ መዋጥ የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ፤ ማዘዣው ግን ይህን ካለ ስህተት አይደለም። በሁለተኛው ቀን በራስዎ መድገም ግን ጥቅም አይጨምርም።

ለአልማዝ ባለጭራ፦ አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ወይም ቫላሲክሎቪር 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን፣ ወይም ፋምሲክሎቪር 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ7 ቀን።

ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች ተመልሶ የመጣ ሄርፒስ ሕክምና ረዘም ይላል፣ ከ5 እስከ 10 ቀን።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን አያሳልፉ

ቫይረሱ በብዛት የሚባዛው ቁስሉ ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎና በወጣ በመጀመሪያው ቀን ነው። ተመልሶ የሚመጣ ሄርፒስ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል፦ ቦታው ይነዝራል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ በብልት ሄርፒስ ደግሞ መቀመጫና ጭን ላይ የሚወርድ ሕመም ሊሰማ ይችላል። የመጀመሪያው እንክብል መዋጥ ያለበት ያኔ ነው። ቢዘገይ ቁስሉ በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀመር። አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ሰዓቱ አልፎም አዳዲስ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች እየወጡ ከሆነ ወይም ዓይን ከተነካ ሐኪሙ ሊያዝ ስለሚችል አለፈብኝ ብለው አይቅሩ።

ከዚህ የምመክረው አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ሄርፒሱ የሚመላለስብዎት ከሆነ ሐኪምዎ አስቀድሞ ማዘዣ እንዲሰጥዎና መድኃኒቱ ቤትዎ እንዲቀመጥ ይጠይቁ። ሌሊት ላይ ምልክቱ የጀመረው ሰው እስከ ማግስቱ ተራ ይዞ ማዘዣ ሲጠብቅ ጠቃሚው ሰዓት ያልፋል። ጥቅሉን ከእርጥበትና ከሙቀት ርቆ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑንም አልፎ አልፎ ይመልከቱ።

ደረጃ 6፦ አዋዋጡ

ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ መውሰድ ይቻላል፤ ሆድዎን የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ከምግብ ጋር ይሻላል። እያንዳንዱን መጠን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጡት፣ ቀኑን ሙሉም በቂ ውሃ ይጠጡ። ውሃ ሲያንስ አሲክሎቪር በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ጠጥሮ ሊዘጋቸው ይችላል። ይህ ጉዳት በብዛት የሚታየው በደም ሥር በሚሰጠው መድኃኒት ላይ ነው። ሆኖም በማስታወክ ወይም በተቅማጥ ውሃ የተሟጠጠ ሰው እንክብል እየወሰደም ሊደርስበት ይችላልና እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ከመቀጠሉ በፊት ሐኪም ያማክር። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ውሃ እንዲቀንሱ የታዘዙ ሰዎች ግን መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ።

አንድ መጠን ከረሱ እንዳስታወሱ ይውሰዱ። የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈውን ይተዉት፤ ለማካካስ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይዋጡ። በቀን አምስት ጊዜ የሚወሰደው አሲክሎቪር ነቅተው በሚቆዩበት ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይከፋፈላል፤ ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ቢሞሉ ይረዳል። ቁስሉ ቶሎ ደረቀ ብለው የታዘዘውን ቀን አያሳጥሩ።

የአሲክሎቪር ቅባት እንክብሉን አይተካም፤ በብልት ሄርፒስ ላይ ያለው ጥቅም በጣም አነስተኛ ነው። ፀረ ተህዋስያን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ቫይረሱን አይነኩትም። የስቴሮይድ ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቁስሉ ላይ መቀባት ደግሞ ሊያባብሰው ይችላል፤ ዓይን ላይ ከሆነ ውጤቱ የከፋ ነው።

ደረጃ 7፦ ጎጂ ምልክቶችን ይከታተሉ

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና ተቅማጥ የሚያጋጥማቸው አሉ፤ በአብዛኛው ቀላልና የሚያልፉ ናቸው። መድኃኒቱን አቁመው ወዲያውኑ ሐኪም ሊያዩባቸው የሚገቡት ሌሎች ናቸው፦ የፊት ወይም የምላስ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መላ ሰውነትን የሸፈነ ሽፍታ፣ የሽንት መቀነስ፣ የጎን ሕመም።

በተለይ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ምልክት አለ። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም አእምሮን ይነካል፦ ታካሚው ይቀባዥራል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል ወይም እንቅልፍ ይጫነዋል። ይህ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚታይ ሲሆን፣ የሚያጠቃውም አረጋውያንንና የኩላሊት ሕመምተኞችን ነው። እርጅና ነው ተብሎ ወይም ከሽፍታው ሕመም የመጣ ነው ተብሎ ሲታለፍ ያሳዝናል፤ በጊዜ ከታወቀ መድኃኒቱን በማቆም፣ ካስፈለገም በኩላሊት እጥበት የሚመለስ ነውና። ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ የእንክብሉን ጥቅል ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 8፦ በየቀኑ መውሰድ ያስፈልግዎት እንደሆነ ይመዝኑ

ሄርፒሱ በዓመት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስብዎት ከሆነ፣ ወይም ጥቂት ጊዜ እየመጣም ኑሮዎን የሚያናጋ ከሆነ፣ በየቀኑ ዝቅተኛ መጠን መውሰድ ይቻላል፦ አሲክሎቪር 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወይም ቫላሲክሎቪር 500 ሚሊግራም ወይም 1 ግራም በቀን አንድ ጊዜ። በዓመት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚመጣበት ሰው 500 ሚሊግራሙ ላይበቃው ይችላል። በተደጋጋሚ ለሚታመሙ ሰዎች ይህ አወሳሰድ የመመለሱን ብዛት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል። ለዓመታት መውሰድም ይቻላል። ሆኖም ሕመሙ ከጊዜ ጋር በራሱ እየራቀ ስለሚሄድ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀጥል ወይስ ይቁም ብሎ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። በብልት ላይ የወጣ ዓይነት 1 ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ብዙም ስለማይመለስ የዕለት መድኃኒት የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜ ነው። የትኛው ዓይነት እንዳለብዎ ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ዓይነት 2 ያለበት ሰው በየቀኑ 500 ሚሊግራም ቫላሲክሎቪር ሲወስድ ወደ ትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛው የመተላለፍ ዕድሉ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ግማሽ ማለት ግን ሙሉ አይደለም። ቫይረሱ ቁስል በሌለበት ቀንም ከቆዳ ላይ ስለሚወጣ ኮንዶም መጠቀም፣ ምልክት ሲሰማ ጀምሮ ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድን ከግንኙነት መታቀብ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ለጓደኛ መንገር ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ኤችአይቪም ላለበት ሰው ይህ የዕለት መድኃኒት ሄርፒሱ ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉን መቀነሱ አልተረጋገጠም።

እርጉዞችና አራሶች

አሲክሎቪርና ቫላሲክሎቪር በእርግዝና ወቅት በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳሉ። የብልት ሄርፒስ የሚመላለስባት እርጉዝ ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ እስክትወልድ አሲክሎቪር 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ይታዘዝላታል፤ ዓላማው በምጥ ጊዜ ቁስል እንዳይኖር ነው። በምጥ ጊዜ ቁስል ወይም የቅድሚያ ምልክት ካለ በቀዶ ሕክምና መውለድ ይመከራል። ለሕፃኑ ከሁሉም የሚያሰጋው እናት በመውለጃዋ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው፤ ያኔ ወደ ሕፃኑ የመተላለፍ ዕድሉ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ቀድሞ የነበረባት እናት ዘንድ ግን ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ሄርፒስ እንዳለብዎ ለአዋላጇ መንገር ሕፃኑን ይጠብቃል። ማጥባት ይቻላል፤ ቁስል ያለበት ጡት ግን እስኪድን አይጠባ። ከንፈሩ ላይ ቁስል ያለበት ማንም ሰው አራስ ሕፃን አይሳም።

መድኃኒቱ አልሠራ ሲል

በመጀመሪያ የሚጠየቀው መቼ ተጀመረ፣ መጠኑስ በትክክል ተወስዷል ወይ የሚለው ነው። ቀጥሎ በእርግጥ ሄርፒስ ነው ወይ የሚለው። እነዚህ ተመልሰው ቁስሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ሕክምና በኋላም ካልተሻለው ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊሆን ይችላል። የመከላከል አቅማቸው ጤናማ በሆነ ሰዎች ይህ በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ሲሆን፣ አቅማቸው በተዳከመባቸው ግን በርከት ይላል። አሲክሎቪርን የተላመደ ቫይረስ ለቫላሲክሎቪርም፣ በአብዛኛው ለፋምሲክሎቪርም ስለማይበገር አንዱን በሌላው መለወጥ ወይም መጠኑን በራስ መጨመር አያዋጣም። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ከተረጋገጠም በደም ሥር በሚሰጥ ፎስካርኔት በተባለ መድኃኒት ይታከማል። እርሱም ኩላሊትን አጥብቆ ስለሚጎዳ የሚሰጠው በሐኪም ቅርብ ክትትል፣ የኩላሊት ምርመራ እየተደጋገመ ነው።